ከተርብ ቁጥቋጦ የወጣችው ጅግራ

መጀመሪያ የሰኞን ዜና ልንገራችሁ። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የአማርኛ መምህራችን በሩ ላይ ቆመው በጣታቸው ጠሩኝ። እኔ ደግሞ መምህር ሲጠራኝ ጥፋቴን መፈለግ የምጀምር ልጅ ነኝ። ዩኒፎርሜን አየሁ፣ ጸጉሬን ነካ ነካ አደረግሁ፣ የቤት ሥራዬን መሥራቴን አስታወስሁ። እሳቸው ግን «የተማሪዎች ገጠመኝ የሚሰበሰብበት አንድ መጽሐፍ ሊታተም ነው፤ ያንቺም ይገባል» አሉኝ።

«የትኛው?» አልኋቸው፤ አንድ ብቻ እንደሰጠኋቸው ረስቼ።

«የተርቡ ነዋ» ብለው ሳቁ። «ግን ቸኩለሽ ነው የጻፍሽው። ረጋ ብለሽ፣ ለማያውቅሽ ሰው እንደምትነግሪ ሆነሽ እንደገና ጻፊው።»

ያን ቀን ባጃጅ መያዝ ረስቼ ከትምህርት ቤቴ ከአዘዞ ቤታችን ጸዳ ድረስ በእግሬ ሄድሁ። ቤት ስደርስ ለእናቴ ነገርኋት፤ እናቴ ደግሞ እኔ ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ ጭልጋ ላለችው እህቷ ደወለች። አክስቴ በስልኩ ያለችውን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። አሁን እንደታዘዝሁት ከመጀመሪያው ልጀምር።

አምና የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የክፍል ጓደኞቼ «ሳይለንት» ይሉኝ ነበር። ስልክ ድምፁ ሲጠፋ እንደሚባለው። መልሱን እያወቅሁት እጄን አላወጣም። ከአዘዞ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ያቅተኝና ሌላ ሰው እስኪወርድ ድረስ ተቀምጬ እቆያለሁ፤ ከዚያ ያለፍሁትን መንገድ በእግሬ እመለሳለሁ። እናቴ «ምነው ቆየሽ?» ስትለኝ «ባጃጅ ጠፍቶ» እላት ነበር። የባጃጅ ሹፌሮችን ስም ያጠፋሁበት ዓመት ነው።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና እንዳለቀ እናቴ ወደ ጭልጋ ላከችኝ። ታላቅ እህቷ እቴ የሺ ታማ ነበር። አይከል ድረስ በሚኒባስ፣ ከአይከል ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ነው። ስደርስ አክስቴን አላወቅኋትም ብል አላጋነንሁም። ያቺ ከብት ስትጠራ ማዶ ያለው ሰው ሁሉ ቀና የሚልላት ሴት፣ ግድግዳውን ተደግፋ መደብ ላይ ተቀምጣለች። ታይፎይድ ይዟት ከርሟል። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ «መድኃኒቱ ሥራውን ጨርሷል፤ አሁን የቀረው መብላት ነው» ብላ ሸኝታታለች። እሷ ግን አትበላም። በግ ሲታረድላት ሸተተኝ አለች። ዶሮም እንዲሁ። ወተቱን ከንፈሯን አስነክታ ትመልሰዋለች።

በዚህ ላይ ደግሞ ዐቢይ ጾም ሊገባ ቀናት ቀርተውታል። ንስሐ አባቷ መጥተው «ለታመመ ይፈቀዳል፣ አትጹሚ» ቢሏት «ከልጅነቴ ጀምሮ ገድፌ አላውቅም፣ ዛሬ ልጀምር?» ብላ እምቢ አለች። ሁላችንም የምንፈራው ይህንን ነበር። ምንም ሳትበላ ጾሙ ከገባ፣ ሃምሳ አምስት ቀን በምን አቅሟ ታልፈዋለች?

የቅበላ ዕለት እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ የአክስቴ ባል አያ ፈንታ ገና ነጠላቸውን ሳያወልቁ «የሺ፣ ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። ምን ላምጣልሽ? ያማረሽን ተናገሪ» አሏት።

«ጅግራ ቢሆን እቀምስ ነበር» አለች። «መረቁን።»

አያ ፈንታ ፊታቸው በራ። ጅግራ ማለት ዶሮ የምታክል፣ ነጭ ጠብጣብ ያለባት የዱር ወፍ ናት። በዚያ ሰሞን መንጋ ሆነው የሽምብራ እሸታችንን ሲለቅሙ ነው የሚውሉት። አያ ፈንታ ወንጭፋቸውን ከግድግዳው አወረዱ። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው መተማ ለሥራ ሄደው ስለነበር ብቻቸውን ሊወጡ ሲሉ እቴ የሺ እኔን ጠራችኝ። እጄን ይዛ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«አብረሽው ሂጂ። ባለፈው መስከረም ተርብ አንገቱ ላይ ነድፋው ጉሮሮው ተዘግቶ በቃሬዛ ነው አይከል የወሰዱት። ነርሷ ‹ሁለተኛ አንዲት ብትነድፍህ እዚህ ሳትደርስ ልታልቅ ትችላለህ› ብላዋለች። እሱ ይኸን ለሰው አይናገርም፤ ያፍራል። ተርብ ያለበት እንዳይደርስ ዐይን ሁኚልኝ።»

እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ሥራዬ ዐይን መሆን ብቻ ከሆነ ምን ከበደኝ?

ማሳው ከቤቱ በታች፣ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ቆሎ የምትባል ቡናማ ውሻቸው ትከተለናለች። አያ ፈንታ በመንገዱ ሁሉ ሲቀልዱብኝ ሄዱ።

«አንቺ የጸዳ ልጅ፣ ኮቴሽ እኮ እንደ ማኪና ይሰማል። ጅግራዎቹ ጎንደር ገባን ብለው እንዳይደነግጡ።»

ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝሁ።

ከድንጋይ ካቡ ኋላ ተደብቀን ብዙ ቆየን። ፀሐይዋ ጠንክራለች። ከዚያ አሥራ ምናምን ጅግራዎች አንገታቸውን ቀብረው እየለቀሙ ከጥሻው ወጡ። አያ ፈንታ ድንጋይዋን ወንጭፉ ላይ አስቀመጡ፣ ሁለት ጊዜ አዞሩና ለቀቁ። አንዷ ክንፏ ተሰብሮ ተንከባለለች። ሌሎቹ ጩኸታቸውን እየለቀቁ ገደሉን ተሻግረው ማዶ ሄዱ። የተመታችው ግን እየተጎተተች ከማሳው ዳር ካለ ትልቅ የአጋም ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች።

ቆሎ ተከትላት ዘለለች። ወዲያው ጆሮዋን በመዳፏ እየመታች፣ እያለቀሰች ወጣችና ቤት ድረስ ሳትቆም ሮጠች።

አያ ፈንታ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። እኔ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቁጥቋጦው መሐል፣ ደረቴ በሚደርስ ከፍታ ላይ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ፣ ከግራጫ ወረቀት የተሠራ የሚመስል የተርብ ቤት ተንጠልጥሏል። ረጃጅም እግሮቻቸውን ያንጠለጠሉ ተርቦች ይዞሩታል። ከሥሩ፣ መሬት ላይ፣ ጅግራዋ ተጋድማ ዐይኗን ታርገበግባለች።

አያ ፈንታ ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ መጠቅለል ጀመሩ።

«እቴ የሺ ነግራኛለች» አልሁ በቀስታ።

እጃቸው ቆመ። «ይች ሴት» አሉ፤ «ስትታመም እንኳ አፏ አላረፈም።»

ከካቡ ሥር ተቀምጠን ተማከርን። ብናጨስባቸውስ አልሁ። ሣሩ ደርቋል፤ አንድ ብልጭታ ካመለጠ የጎረቤት ክምር ነው የሚነደው አሉ። እስኪመሽ ብንጠብቅስ? ሲቀዘቅዝ ተርቡ ይተኛል፣ ግን እስከዚያ ጅግራዋ ትሞታለች። ይህንን ለከተማ ልጆች ማስረዳት ያስፈልገኝ ይሆናል፤ በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ በስመ አብ ብሎ ባርኮ ያላረደው ሥጋ አይበላም። ነፍሷ ሳይወጣ ቢላዋ ካልደረሰላት በክት ናት፣ ለአክስቴ መሆኗ ቀርቶ ለቆሎ ነው የምትሰጠው። ሌላ እንዳንመታ መንጋው ማዶ ተሻግሯል፤ ዛሬ አይመለስም። ነገ ደግሞ ጾም ነው።

«እኔ ልግባ» አልሁ።

አያ ፈንታ ተነሡና የሹራቤን እጅጌና የሱሪዬን ጫፍ በገመድ ጭራሽ አየር እንዳያስገባ አድርገው አሰሩልኝ። ጋቢያቸውን ከዐይኔ በስተቀር ዙሪያዬን ጠቀለሉልኝ።

«ከታች፣ በሆድሽ ሂጂ። ቤታቸውን የያዘውን ቅርንጫፍ አትንኪ። ቢነድፉሽ አንዷንም እንዳትጨፈልቂ፣ ሽታዋ ሌሎቹን ይጠራል። ስትወጪ አትሩጪ። ከሁሉም ከሁሉም አፍሽን አትክፈቺ፤ የሚያስቆጣቸው ትንፋሽ ነው። በአፍንጫሽ፣ በጋቢው ውስጥ ተንፍሺ።»

«እሱስ አይቸግረኝም» አልሁ።

ሳቅ አመለጣቸው። «እውነትሽን ነው፣ ለዚህ ሥራ የተፈጠርሽ ነሽ።»

በሆዴ ገባሁ። እሾኹ ጋቢውን ይይዘኛል፤ አላቅቄ እንደገና እሳባለሁ። ከራሴ በላይ ያለው ድምፅ ጎረቤት ቤት የተከፈተ ሬዲዮ ጣቢያ ሲያጣ እንደሚያሰማው ነው። አንዷ ግንባሬን የሸፈነው ጋቢ ላይ አርፋ ተራመደች፣ ከዚያ ሄደች። እጄን ዘረጋሁ። የጅግራዋ ላባ ይሞቃል። አያ ፈንታ እንዳስተማሩኝ ሁለቱን ክንፎች ከሰውነቷ ጋር አጥብቄ ያዝሁ። አገኘኋት ብዬ ወደ እኔ ስስባት፣ ደክማለች ያልኋት ወፍ በሁለት እግሯ ደረቴን ረገጠችኝ።

እኔም «በስመ አብ» አልሁ።

ምን ላድርግ? ስደነግጥ የምለው ይኸው ነው። እናንተስ ስትደነግጡ ምን ትላላችሁ? ጋቢው ከአፌ ወረደ፣ ትንፋሼ ቀጥታ ወደ ላይ ሄደ፣ ቅርንጫፉም ተነቃነቀ። የመጀመሪያዋ የላይኛውን ከንፈሬን ነደፈችኝ። ፍም የነካኝ መሰለኝ። ሁለተኛዋ የታችኛውን፣ ሦስተኛዋ ጉንጬን፣ ከዚያ በኋላ መቁጠር ተውሁ። አንዷንም አልጨፈለቅሁም። ጅግራዋንም አልለቀቅኋትም። ወደ ኋላ በጉልበቴ እየተሳብሁ ወጣሁና ቆምሁ። ዙሪያዬን ይዞሩኛል።

አያ ፈንታ ሠላሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብለው ቆመው ነበር። ፊቴን ሲያዩ የነርሷን ቃል ረሱት መሰለኝ፣ ቢላዋቸውን መዝዘው፣ ራሳቸውን እንኳ ሳይሸፍኑ ወደ እኔ መጡ። «ስጭኝ፣ ስጭኝ፣ አይዞሽ» እያሉ ነው።

«ሳይለንት» ይሉኝ እንደነበር ነግሬያችኋለሁ፤ በዕድሜዬ ጮኼ አላውቅም።

«አትምጣ! እዚያው ቁም!»

ድምፁ ከገደሉ ማዶ ተመልሶ መጣ። ማን እንደጮኸ ለማየት ልዞር ምንም አልቀረኝም። አያ ፈንታ ተተክለው ቀሩ። እኔም ፊቴን አዙሬ ከእሳቸው ራቅሁ። ተርቦቹን ይዤ ወደ እሳቸው መሄድ አልችልም። ግን እያንዳንዷ እርምጃዬ ጅግራዋንም ከቢላዋው ታርቃት ነበር። ማሳው ጥግ ደርሼ መሬት ላይ ተቀመጥሁና ጋቢውን እላዬም እላይዋም ላይ አልብሼ ድንኳን ሠራሁ። ዝም አልሁ። ዝም ማለት እንደሆነ እችልበታለሁ።

ጨለማው ውስጥ የጅግራዋ ልብ መዳፌ ላይ ይመታል። መጀመሪያ እንደ ዝናብ ነበር። ቀስ በቀስ ዘገየ። ከውጭ ያለው ድምፅ ደግሞ አልሄደም። ከንፈሬ እያበጠ እያበጠ የሌላ ሰው ከንፈር ሆነ። «ትንሽ ቆይልኝ» ልላት ፈልጌ አልወጣልኝም፤ በልቤ አልኋት። አምስት ደቂቃ ይሁን ሃያ አላውቅም፣ የውጭው ድምፅ አንድ በአንድ ጠፋ።

ልነሣ ስል እጅጌዬ ላይ የሚራመድ ነገር ተሰማኝ። አንዷ ውስጥ ከእኔ ጋር ነበረች።

አያ ፈንታ ዘንድ የማልወስዳት አንዲት ተርብ። ብመታት ሌሎቹ ይመለሳሉ። ብነሣ ከእኔ ጋር ትሄዳለች። የጅግራዋ ልብ ደግሞ ይመታና ያርፋል፣ ይመታና ያርፋል። የጋቢውን ጫፍ በጣቴ ትንሽ ከፍ አደረግሁት። ቀጭን ብርሃን ገባ። ተርቧ ቆመች፣ ክንፏን አራገበች፣ ዞረችና ብርሃኑን ተከትላ ክንዴን፣ አንጓዬን፣ ጣቴን ተራምዳ ሄደች። ጣቴ ጫፍ ላይ ቆማ አሰበችበት። ከዚያ በረረች።

ጋቢውን እዚያው ትቼ ጅግራዋን ይዤ ሮጥሁ።

«ነፍስ አላት?» አሉ አያ ፈንታ።

መመለስ አልቻልሁም፤ አፌ አይንቀሳቀስም። እጃቸውን ይዤ ደረቷ ላይ አኖርሁት። እሳቸውም ዐይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። አንድ ጊዜ መታ። ወዲያው ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዞሩ፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አሉና ባረኩ። ጅግራዋ በኃይል ተራገጠች፤ ደሟም ፈሰሰ። ከዚያ አያ ፈንታ ቢላዋውን ሣር ላይ ጠርገው ተቀመጡ።

«አንተ አልሽኝ እኮ» አሉኝ ቀና ብለው።

ቤት ስንደርስ እቴ የሺ ፊቴን አየችና ከመደቡ ልትነሣ ሞከረች። «ማን ነው ልጄን እንዲህ ያደረጋት? ፈንታ፣ ምን ሆናችሁ?»

«ምንም። ጅግራሽን አመጣን» አሉ።

ጎረቤታችን እመይቴ ዘውዴ መረቁን ሠርተው አቀረቡ። አክስቴ ግን ሳህኑን ገፋችው። «እውነቱን ካልነገራችሁኝ አልቀምስም።»

አያ ፈንታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና መናገር ጀመሩ። በእሳቸው ታሪክ ውስጥ እሳቸው ገና ተርቡን ሲያዩ በጥበብ ወደ ኋላ ሄዱ፣ እኔንም እያረጋጉ ከሩቅ መሩኝ። እኔ ራሴን በአሉታ ነቀነቅሁ። አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ንገሪኝ።» ከንፈሬን አሳየኋት። ያን ጊዜ ነው ቦርሳዬን ከፍቼ የባዮሎጂ ደብተሬን ያወጣሁት።

ሦስት ገጽ ጻፍሁ። ለማንም አሳይቼ የማላውቀውን ነገር፣ ሳልሰርዝ፣ ሁለት ሰዎች እያዩኝ። ስጨርስ ለአያ ፈንታ ሰጠኋቸው፤ አክስቴ ማንበብ አትችልም፣ እሳቸው ዳዊት ደጋሚ ናቸው። እንደ ዳዊት ረጋ ብለው፣ ቃል በቃል ያነቡ ጀመር። ጫማዬን ያወለቅሁበት ላይ ፈገግ አሉ። «በስመ አብ» ያልሁበት ላይ አክስቴ አንድ ማንኪያ መረቅ ወደ አፏ ወስዳ ነበር፤ ሳቋ መጥቶ ልታንቅ ደረሰች። ከታመመች ጀምሮ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።

«ቀጥል» አለች፣ ሁለተኛ ማንኪያ እየወሰደች።

አያ ፈንታ ቀጠሉ። «‹አያ ፈንታ...›» አሉና ቆሙ። ገጹን ገለጡ።

«ዘለልህ» አለች አክስቴ።

«አልዘለልሁም።»

«ዘለልህ። ዐይንህን አየሁት። አንብብ።»

«‹አያ ፈንታ ቢላዋቸውን መዝዘው፣ ራሳቸውን እንኳ ሳይሸፍኑ ወደ ተርቦቹ መጡ›» ብለው አነበቡ፤ ድምፃቸው ወደ መሬት ወረደ። እቴ የሺ ማንኪያውን አስቀመጠች። አየቻቸው። «ሞኝ» አለቻቸው፣ በጣም በቀስታ። ቀጥሎም «እሺ፣ ከዚያስ?» አለችና ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች። ሦስቱ ገጽ ሲያልቅ ሳህኑም አለቀ። ፀሐይዋ ልትገባ ስትል ነበር።

አክስቴ ጾሙን ጾመችው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሽሮውንም ምስሩንም እየበላች። አሁን ከብት ስትጠራ ማዶ ያለው ሰው ቀና ይላል። የእኔም ከንፈር እብጠቱ በሁለተኛው ቀን ጎደለ። ስመለስ ከአዘዞ ባጃጅ ተሳፍሬ፣ ቤታችን ሳይደርስ ገና «ወራጅ አለ» አልሁ። ቀድሜ ስለነበር ትንሽ በእግሬ ሄጃለሁ፤ ግን ደስ እያለኝ ነው።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ድምፄን ያገኘሁት ጮኼ ብቻ አይመስለኝም። የጮኽሁት ሰው እንዳይሞትብኝ ነው፣ የጻፍሁት ደግሞ ሰው እንዲበላልኝ። ለራሴ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ያለፍሁትን መንገድ በእግሬ ስመለስ ባገኛችሁኝ። የምትናገሩት ከጠፋባችሁ ለማን እንደምትናገሩ ፈልጉ። ደግሞ እንደ አያ ፈንታ ተርብ ነድፏችሁ ጉሮሯችሁ የጠበበ ካላችሁ እንዳታፍሩበት፤ ለቤተሰባችሁ ንገሩ፣ ወደ ሐኪም ሂዱ። አያ ፈንታ ዛሬ ለመንደሩ ሁሉ ይናገራሉ። ተርብ ያየ ልጅ ሁሉ ሮጦ የሚነግረው ለእሳቸው ነው።

አሁን አክስቴ ሰኞ ዕለት በስልክ ያለችው። «ያን ጽሑፍ የሚያነቡት ስንት ሰዎች ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኋት። «ስንትም ይሁኑ በፋሲካ ማግስት መጥተው ይብሉ በያቸው።»

እናቴ ስልኩን ቀምታ «ኧረ የሺ፣ መጽሐፍ እኮ ነው፣ ሰዉ ብዙ ነው» አለቻት።

«ድንች እንጨምርበታለን» አለች አክስቴ።

ስለዚህ ጠርቻችኋለሁ። ከአይከል ገበያ ቁልቁል አንድ ሰዓት ሂዱና ተርብ የነደፋት ልጅ ቤት በሉ፤ ያሳዩአችኋል። ቆሎ ብትጮህባችሁ አትሩጡ። አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ኑ፣ የደረሰባችሁን አንድ ነገር፣ ሦስት ገጽ ይበቃል። አክስቴ ማዕድ ላይ እንዲነበብላት ትወዳለች። አያ ፈንታ ያነቡላችኋል። ሳይዘሉ።